ጥቁር ሰሌዳውን የተሸከምን ዕለት

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ ብዬ ፎቶ ተጠየቅሁና፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ካሉት ፎቶ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ባለቤቷ ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ወጣት ናት። ነጭ አቡጀዲ ከጀርባዬ ሰቅላ፣ «እማማ፣ አገጭዎን ትንሽ ቀና፤ ትከሻዎን ዘና፤ እንዲያ» እያለች በስልኳ ደጋግማ አነሣችኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እያሳየችኝ በአውራ ጣቷ ታጠፋቸው ጀመር። «ይኼኛው ዐይንዎ ተጨፍኗል። ይኼኛው ከንፈርዎ ተንቀሳቅሷል። ይኼም አይሆንም።» ፊቴ እየመጣ ሲጠፋ፣ እየመጣ ሲጠፋ ሳላስበው እጇን ያዝኳት። «ቆይ ልጄ፣ አትቸኩይ» አልኳት። ግራ ገባትና፣ «ብዙ እኮ ነው እማማ፤ ዝም ብሎ ቦታ ይይዛል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዛሬ ፊት ብዙ ነው። የልጅ ልጄ ስልክ ውስጥ ያለው የእኔ ፊት እንኳ ቁጥሩ አይታወቅም፤ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ የተነሣሁት ሳይቀር አለ። እኔ ግን እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ የመጣብኝ፣ በዚችው ከተማ የአንዲት ልጅ ፊት ጠፍቶ አንድ ክፍል ተማሪ ሲፈልገው የዋለበት ዓርብ ነው።

ዘመኑን ቆጥሬ አልናገርም። ስብሰባና ሰልፍ የበዛበት፣ የግንብ አጥር ሁሉ በቀይ ቀለም መፈክር የተጻፈበት፣ ወጣት ወንዶች ጠጉራቸውን አፍሮ አበጥረው ቦላሌ ሱሪያቸው መሬት የሚጠርግበት ጊዜ ነበር። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱን ልንጨርስ ስንል ለማስተማር ልምምድ በየከተማው በተኑን፤ ለእኔ ደብረ ታቦር ደረሰኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሐሙሲት ነው። እዚያ ብርድ የምናውቀው በስም ነበር። ከአውቶቡስ ስወርድ ከጉና ተራራ የሚመጣው ንፋስ የናይለን ቀሚሴን እንደሌለ አድርጎ አለፈው። ከእግሬ በታች ሸራ ጫማ፣ ከላይ እኅቴ የሠራችልኝ ቢጫ ሹራብ፣ በቃ ይኸው ነበር ልብሴ። በማግሥቱ ገበያ ወጥቼ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ገዛሁ፤ ሞቀኝ፣ ነገር ግን የበጉ ሽታ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀኝም። ክፍል የተከራየሁት ከወፍጮ ቤት ጀርባ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወፍጮው ሲነሣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ እኔም እነሣለሁ። የዐሥር ሳንቲም ዳቦ ገዝቼ፣ በሻይ ቤቱ በር ሳልፍ ከሬዲዮው የሚወጣውን የክራር ዘፈን እያዳመጥኩ፣ ጭጋጉን እየሰነጠቅሁ ወደ ትምህርት ቤት። ዛሬ ያ ሻይ ቤት ባለ ብዙ ፎቅ ሆኗል፤ ታችኛው ላይ ስልክ ይሸጣል።

ፎቶ በዚያን ጊዜ ብርቅ ነበር። እኔ የማውቃት አንዲት ፎቶ ቤት ነበረች፤ ሐይቅና ጀልባ የተሣለበት መጋረጃ ከኋላ ተሰቅሎ፣ ከጎኑ ለተነሺ የሚዋስ ኮትና ከረባት በምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ባለ ፎቶው ጭንቅላቱን ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ከትቶ «ትንፋሽ» ሲል ትንፋሻችንን እንይዛለን። ፎቶው የሚደርሰው በሳምንቱ ነው፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ሰው ፎቶ የሚነሣው ሲሞሸር ነው፤ ወይም ለሚኒስትሪ ፈተና ሲደርስ። ፈተናው ዘንድ ያልደረሰ ልጅ የገዛ ፊቱን በወረቀት ላይ ሳያይ ይኖራል።

የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በባሕር ዛፍ የተከበበ፣ ግድግዳው ጭቃ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ራሴ ማስተማር ከመጀመሬ በፊት በነባር መምህር ክፍል ኋላ ተቀምጬ እንድታዘብ ታዘዝኩ። የደረሰኝም የአራተኛ ክፍል የሥዕልና የእጅ ሥራ ትምህርት ነው። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር። ሥዕል ልጆች ከሒሳብ የሚያርፉበት ክፍለ ጊዜ ተደርጎ ነው የሚታሰበው። በማሠልጠኛው የተማርነውም ሁለት ክብ ሠርቶ፣ እግርና ምንቃር ቀጥሎ ዶሮ ማድረግ ነበር።

የክፍሉ መምህር መምህር አበጀ ይባላሉ። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ፤ የካኪ ኮታቸው የቀኝ ኪስ በጠመኔ ዱቄት ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። አንድ ነገር ሊያሥሉ ሲሉ አስቀድመው ሰሌዳው ላይ ሠርተው አያሳዩም። «መጀመሪያ እዩት» ነው የሚሉት። የግቢውን ጽድ ለማሣል ልጆቹን አስወጥተው፣ ዛፉን አስከብበው፣ አንድ መስመር ሳያስጽፉ መልሰው አስገቧቸው። ልጆቹ «ቅርንጫፉ ወደ መንገዱ ነው የዞረ»፣ «አይደለም፣ ንፋስ ነው ያዞረው» እየተባባሉ ገቡ። ከዚያ በኋላ የሣሉት ጽድ አንዱ የሌላውን አይመስልም ነበር፤ ሁሉም ግን ያንኑ ጽድ ነው። እኔ የዶሮዬን ሁለት ክቦች በልቤ ይዤ ኋላ ተቀምጬ አየሁ። ቀለም አልነበራቸውም። እርሳሱን ለሁለት ሰብረው ይካፈሉታል። ጥቁር ሰሌዳው ከግድግዳ ጋር ያልተጣበቀ፣ በእንጨት እግር ላይ የሚቆም ጣውላ ነው፤ ሲነጣ ልጆቹ ራሳቸው ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፈልፍለው፣ ውስጡን ፈጭተው ያጠቁሩታል።

በሁለተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል አንድ ባዶ ቦታ ነበረ። በሌሎቹ ዴስኮች ልጆቹ ተጣብቀው ተቀምጠው ሳለ ያ ቦታ ብቻውን ክፍት ነው። አጠገቡ የምትቀመጠውን ፋንታዬ የምትባል ልጅ፣ «ጠጋ በይ፣ ሌላ ሰው ይግባበት» ብያት ነበር፣ በመጀመሪያው ቀን። ቀና ብላ አየችኝና «የትርንጎ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። «ትርንጎ የት ሄደች?» ብላት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በኋላ የነገሩኝ መምህር አበጀ ናቸው። ትርንጎ ከፋሲካ በኋላ ትኩሳት ይዟት፣ ሳምንትም ሳትተኛ ሞታለች። እኔ ስመጣ ከተቀበረች ሰንብታለች፤ አላየኋትም፣ አላውቃትም። ይህን አስረግጬ የምናገረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለምን እንዲያ እንዳደረገኝ እንዲገባችሁ ነው።

ያ ዓርብ ከምሳ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያዩ ሲሥሉ፣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጠጉሯ ለሐዘን ተቆርጧል። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው በአንድ ጊዜ ተነሡ። የትርንጎ እናት ወይዘሮ ጥሩዬ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የበግ ጠጉር ፈትላ ለባና ሠሪዎች እየሸጠች ልጇን ብቻዋን ያሳደገች።

«እንደምን አደሩ፣ መምህር» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ።»

«አልገባም፤ ልጆቹን አውካለሁ። አንድ ነገር ልለምንዎ ብዬ ነው።»

መምህር አበጀ ወደ በሩ ሄዱ። ክፍሉ ጸጥ ስላለ እኔም ኋላ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

«ለእሑድ አርባዋ ነው» አለች። «ለቅሶው ላይ ቀሚሷን ይዤ ነው ያለቀስኩ። ሰው ፎቶ ይይዛል፤ እኔ ፎቶ የለኝ። እሱስ ይሁን። ያስቸገረኝ ሌላ ነው።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ፊቷ እየጠፋብኝ ነው፣ መምህር። ዐይኔን ስጨፍን የምትመጣልኝ የታመመችው ናት። ከንፈሯ የደረቀው፣ ዐይኗ የጎደጎደው። ደህናዋ አልመጣ አለችኝ። እንዴት የልጄን ፊት እረሳለሁ? ለሰው መናገሩም አሳፈረኝ። እርስዎ ያዩትን ሁሉ እንደሚሥሉ ትነግረኝ ነበር። ይሥሉልኝ እንደሆነ ብዬ ነው የመጣሁ።»

መምህር አበጀ ወደ ልጆቹ ዞር አሉ። ሥዕል እንደሚችሉ አይቻለሁ፤ በሁለት ሦስት መስመር በሬ ሲያቆሙ አይቻለሁ። ወረቀት አውጥተው ቁጭ የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ «እኔ ያየኋት ከላይ ነው» አሏት። «ደብተር ሳርምና ስም ስጠራ። ደህናዋን የሚያውቋት እነዚህ ናቸው። አብረዋት የሣቁ፣ አብረዋት የተጣሉ። እንጠይቃቸው።»

ክንዷን ይዘው አስገቧት። ፋንታዬ ተነሥታ ዴስኩን በእጅጌዋ ጠረገችና «እዚህ» አለቻት። ወይዘሮ ጥሩዬ በልጇ ቦታ ተቀመጠች። ዴስኩ ለልጅ የተሠራ ነውና ጉልበቷ አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞራ ተቀመጠች፤ እጇን ግን ዴስኩ ላይ አሳረፈች።

መምህር አበጀ ሰሌዳውን ጠረጉና ጠመኔ አነሡ። «ሁላችሁም ዐይናችሁን ጨፍኑ» አሉ። «ትርንጎን ጠብቋት። አትጥሯት፤ በራሷ ጊዜ ትምጣ። ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ። ያላያችሁትን አትጨምሩ።» እኔም ጨፈንኩ። ለእኔ የሚመጣ ነገር አልነበረም።

«ፊቷ ክብ ነው» አለ አንዱ። «አይደለም፣ ሞላላ ነው» አለች ሌላዋ። መምህር አበጀ ክቡንም ሞላላውንም ሠሩ። «የቱ ነው?» ሲሉ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ፣ ከእኔ ፊት የተቀመጠው ደጉ የሚባል ልጅ ተነሥቶ፣ «ስትሥቅ ክብ ነው፣ ስትቆጣ ሞላላ ነው» አለ። ልጆቹ ሣቁ፤ ወዲያው ደግሞ እናቷን አይተው አፋቸውን ያዙ።

«ልክ ነው» አለች ወይዘሮ ጥሩዬ። ከተቀመጠች የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«እንግዲያው ስትሥቅ እንሥራት» አሉ መምህር አበጀ፤ ሞላላውን አጠፉት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእሳቸው እጅ ወጥቶ ልጆቹ እጅ ገባ። ከኋላዋ ይቀመጥ የነበረው ሹሩባዋን አወቀው፤ የቀኙ ሁልጊዜ ቀድሞ ይፈታ ነበር። ፋንታዬ ጆሮዋን አወቀች፤ የተበሳው ቀዳዳ እንዳይደፈን ክር ይገባበት ነበር። «ክሩ ቀይ ነው ግን» አለች። «ጠመኔው ነጭ ነው» ቢሏት፣ «ቀይ ነው» አለች አጥብቃ። «ቀይ መሆኑን እናውቃለን» አሏት መምህር አበጀ፣ በነጭ ጠመኔ እየሠሩ። አንዷ ፊት ለፊት ያለው ጥርሷ በሌላው ላይ መደረቡን ተናገረች። ሌላው ስትጽፍ ምላሷን እንደምታወጣ አስታወሰ፤ «ስትሥቅ ነው የምንሠራት፣ ስትጽፍ አይደለም» ብለው ጓደኞቹ ተቆጡት። ደጉ «ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ፣ በግራ» አለ። «ጠጉር አይበቅልበትም። እኔ ነኝ በገል የመታኋት።»

ወይዘሮ ጥሩዬ ዞር ብላ አየችው። «ወደቅሁ ነው ያለችኝ» አለች።

ደጉ አንገቱን ደፋ። «እኔ እንዳልገረፍ ነው እንደሱ ያለች።»

ልጇ ከሞተች በኋላ ስለ እሷ አዲስ ነገር መስማቷ ነበርና የእናትየው ፊት ላይ ምን እንደሚያልፍ ማየት ከበደኝ። «እንዲያ ነበረች» አለች በመጨረሻ፤ ለእሱ አልነበረም የተናገረችው። መምህር አበጀ ጠባሳውን ሠሩ።

ልጆቹ አንድ በአንድ ከዴስካቸው እየወጡ ሰሌዳውን ከበቡት። አፍንጫ ይሠራል፣ ይጠፋል፤ ግንባር ይሰፋል፣ ይጠባል። ተቀመጡ የሚል አልነበረም። እኔ በማሠልጠኛው ስለ ክፍል ሥርዓት ብዙ ተምሬ ነበር፤ በሥርዓቱ የተቀመጠ ልጅ እዚያ አንድም አልነበረም፤ ነገር ግን የዚያን ያህል ሥርዓት ያለው ክፍል ከዚያ በኋላም አላየሁም። መምህር አበጀ ከራሳቸው አንድም መስመር አልጨመሩም። የተነገራቸውን ይሠራሉ፤ «እንዲህ?» ይላሉ፤ አይደለም ሲሏቸው ያጠፋሉ። የኮታቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው ነጭ ሆነ።

ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ፊት ገና የማንም ልጅ ፊት ነበር። ልጆቹም የገባቸው መሰለኝ። «ጋሼ፣ ዐይኗ አይደለም» አለች ፋንታዬ።

«ምኑ ነው?»

«አላውቅም። እንደሱ አታይም።»

አጠፉ፣ ሠሩ። «እንደሱም አይደለም» አለች። እንደገና አጠፉ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ጥሩዬ ከዴስኩ ተነሣች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ ጠመኔ ይዛ አታውቅም። ልጆቹ መንገድ ለቀቁላት። ሰሌዳው ፊት ቆማ የመምህር አበጀን የእጅ አንጓ ያዘች፤ በዚያን ዘመን፣ በዚያ አገር፣ አንዲት ሐዘንተኛ የሰው ወንድ እጅ በሰው ፊት ስትይዝ ማየት ቀላል አይደለም። «ዝቅ ያድርጉልኝ» አለች። «ሽፋኑን ዝቅ። እንቅልፍ የመጣባት የሚመስል፣ ግን እንቅልፍ የሌለባት። እንዲህ።» ጠመኔው በሁለቱ እጅ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እጃቸውን ለቀቀችና በአውራ ጣቷ ከዐይኑ ጥግ ትንሽ ጠረገች። በጣም ትንሽ። ወደ ኋላ ራቅ አለች።

የሆነውን ነገር ብዙ ጊዜ ለሰው ልነግር ሞክሬ አልሆነልኝም። ሰሌዳው ያው ሰሌዳ ነው፣ ጠመኔው ያው ጠመኔ። ግን አንዲት ልጅ አየችኝ። በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ፣ ጥርሷ የተደረበ፣ ሣቋ ሊያመልጣት የደረሰ፣ ከመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ሽሽት ዐይኗን ቀነስ ያደረገች ልጅ እዚያ ሆና አየችኝ። ሳላውቀው ቆሜ ነበር። ከልጆቹ መካከል አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ «መጣች» አለ። ማንም አልሣቀም። ወይዘሮ ጥሩዬም አላለቀሰችም። ውኃ ልካት የዘገየችባትን ልጅ እንደምትቀበል ሆና፣ ሰሌዳውን «የት ቆየሽ» አለችው።

የምሳ ደወል ሲደወል ነው ችግሩ የታሰበን። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ የሌላ ፈረቃ ነው፤ ሰሌዳው መጥፋት አለበት። መምህር አበጀ ወረቀት አውጥተው ፊቱን ከሰሌዳው ገለበጡ። ተጠንቅቀው ነው የሠሩት፤ ለእኔ ዐይን ልዩነት አልነበረውም። ወይዘሮ ጥሩዬ በሁለት እጇ ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ደከሙልኝ» አለች። ቆየት ብላ ግን፣ እያፈረች፣ «ይቺስ የሌላ ሰው ልጅ ናት» አለች። መምህር አበጀ ወረቀቱን ከሰሌዳው ጎን ይዘው አስተያዩት። «ልክ ነዎት» አሉ። ሌላ ወረቀት ሞከሩ፤ እሱም አልሆነም።

«ሰሌዳውን እንውሰድላት» አለ ደጉ።

ርእሰ መምህሩ የልጆቹን ድምፅ ሰምተው መጡ። ደንብ የሚያጠብቁ፣ ቁራጭ ጠመኔ እንኳ የት ደረሰ የሚሉ ሰው ነበሩ። ነገሩ ሲነገራቸው፣ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «ሰሌዳ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ከግቢ አይወጣም» አሉ። ከዚያ ገባ ብለው አዩ። ትርንጎ ስታረፍድ በየጠዋቱ በር ላይ የሚይዟት እሳቸው ነበሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። «እኔ ለምሳ ወጥቻለሁ» አሏቸው መምህር አበጀን። «ምንም ያየሁት ነገር የለም። የከሰዓቶቹ ዛሬ መዝሙር ይለማመዱ። ሰኞ ጠዋት ግን ሰሌዳ የሌለው ክፍል እንዳላይ።» እውነትም ለምሳ ሄዱ።

ሰሌዳውን ከእግሩ አነሣነው። መምህር አበጀ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጠንከር ጠንከር ያሉት ልጆች በግራና በቀኝ። ጣውላው ከባድ ነበር። የወይዘሮ ጥሩዬ ቤት ከገበያው ማዶ ስለሆነ ከተማውን ማቋረጥ ነበረብን። ፊቷን ወደ ሰው አድርገን፣ አቁመን ነው የያዝናት። ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳው ላይ መኪናቸውን እየረገጡ ነበር፤ ስንደርስ አንድ በአንድ አቆሙ። የሻይ ቤቱ ሰውዬ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰው። «የማን ናት?» ይላሉ ሰዎች፤ «የክፍላችን ልጅ ናት» ይላሉ ልጆቹ፣ ሌላ ማብራሪያ ሳይሰጡ። አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት የድንጋይ መደብ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ሰሌዳው አልፎ እስኪርቅ አልተቀመጡም። ሰው ሁሉ ጥያቄውን ትቶ ዝም ብሎ ያሳልፈን ጀመር።

ወፍጮ ቤቱ ዘንድ ስንደርስ ከጉና የወረደው ጭጋግ ካፊያ ሆነ። ደንግጠን ቆምን። ነጠላ እንዳናለብሳት ጠመኔው ይለቃል። «ይገልበጥ» አሉ መምህር አበጀ። «ፊቷ ወደ ታች።» ሰሌዳውን ቀስ ብለን ገልብጠን እንደ ጣሪያ ከራሳችን በላይ ያዝነው። ዝናቡ ጀርባው ላይ ይንጠባጠባል። ቁመታቸው የማይደርስ ትንንሾቹ ከሥር ገቡ። እኔ ማዕዘኑን ይዤ ቀና ስል፣ ከጥቁሩ ጣውላ ውስጥ ትርንጎ ቁልቁል ታየናለች። ልጆቹ አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው፣ እርስ በርስ እየተደናቀፉ፣ ጭቃውን ሳያዩ፣ እሷን ብቻ እያዩ ይሄዳሉ። የጠመኔው ብናኝ በጥቂት በጥቂቱ ግንባራችንና ቅንድባችን ላይ ይወርድ ነበር። ማንም አልጠረገውም። ያ መንገድ ዛሬ አስፋልት ለብሷል፤ ባጃጅ ሲጋፋበት ይውላል። እኔ ባለፍኩበት ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ሰማይ ነው ያለው።

ቤቷ ስንደርስ ሰሌዳውን ከተፈተለው የበግ ጠጉር ክምር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ አስደገፍነው። አንዲት መስመር አልጠፋችም ማለት አልችልም፤ ሹሩባዋ ላይ ትንሽ ተነክቷል። እሑድ ለአርባው እኔም ሄድኩ። ልጆቹ የታጠበ ልብሳቸውን ለብሰው ሁሉም መጥተዋል። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ቤት ሲገባ፣ በርካታው ሰሌዳውን ሲያይ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ከገጠር የመጣ፣ መርዶው ዘግይቶ ደርሶት ቀብሯ ላይ ያልነበረ የትርንጎ አጎት ነበር፤ ሕፃን ሳለች ነው ያያት። ከእነ ጋቢው ሰሌዳው ፊት ቆመና፣ «አደግሽ» አላት። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ጥሩዬ ያለቀሰችው። እያለቀሰች ግን ለእንግዶቿ ታስረዳ ነበር፤ ይሄ ጠባሳ እንዲህ ነው፣ ይሄ ክር ቀይ ነው፣ እንዲህ የምታየው ልትሥቅ ስትል ነው እያለች።

ልምምዱን ሊያይ የመጣው አሠልጣኛችን «የመምህሩ የማስተማር ዘዴ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «መጀመሪያ ያያሉ» አልኩት። «ከዚያስ?» አለኝ። ከዚያስ ለሚለው መልስ አላገኘሁለትም። ብዙ ዓመት አስተማርኩ፤ ከጣራ ገዳም ሥር ባለችው ከተማ፣ ኋላም እዚሁ። ሥዕልም አስተምሬያለሁ። ጽድ አስከብቤያለሁ፣ ልጆች እየተከራከሩ ሲገቡ ሰምቻለሁ፣ አንዳንድ ቀንም ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ሊመጣ ሲል ተሰምቶኛል። እንደዚያ ዓርብ ግን ሆኖልኝ አያውቅም። መምህር አበጀ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ፤ እዚያው እንዳረፉ ከሰው ሰማሁ። እሳቸውም ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንሥተው አያውቁም። እንዴት እንዳደረጉት ልጠይቃቸው እፈልግ ነበር፤ የጠየቅኋቸው ቢሆን ኖሮ «እኔ ምን አደረግሁ» የሚሉ ይመስለኛል።

የአርባው ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፍ ጨርሰን ስንገባ ወይዘሮ ጥሩዬና ከገጠር የመጣው ወንድሟ ሰሌዳውን ይዘው ክፍሉ በር ላይ ደርሰዋል። ልጆቹ ሊያዩዋት ተጋፉ። ሰሌዳው ጥቁር ነበር። አዲስ እንደ ጠቆረ ንጹሕ፣ አንዲት ነጭ መስመር የሌለበት። ፋንታዬ ማልቀስ ጀመረች። መምህር አበጀ መዳፋቸውን በጣውላው ላይ አሳለፉ፤ እርጥበት ነበረው።

«ዝናብ አገኘው?» አሏት።

«አላገኘውም። እኔ ነኝ» አለች ወይዘሮ ጥሩዬ። ድምፏ ባለፈው ዓርብ በሩ ላይ ቆማ የለመነችውን ሴት ድምፅ አልመሰለኝም። «ልጆቹ የሚጽፉበት ነው፤ መመለስ አለበት። ሌላ ሰው በጨርቅ እንዲጠርጋት ደግሞ አልወደድኩም። አሁን ዐይኔን ስጨፍን የምትመጣው ደህናዋ ናት፤ ከዛሬ ወዲያ አትጠፋብኝም።» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ ጠዋት ጠዋት ፊቷን የማጥብላት እኔ ነበርኩ። ዛሬም ውኃ ለብ አድርጌ አጠብኳት።»

መምህር አበጀ ሰሌዳውን ተቀብለው እግሩ ላይ አቆሙት። ጠመኔ ከኪሳቸው አወጡ፤ ጣውላው ግን ገና እርጥብ ነበርና አልጻፉበትም። እሳቸውም፣ ልጆቹም፣ እኔም እስኪደርቅ ድረስ ዝም ብለን ጠበቅን።